መርከቡ ወደቡን ሲዘል

ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት በምዕራብ ኖርዌይ ጠረፍ የሚደጋገም አንድ ጠዋት አለ። ሰዓቱ ገና አንድ አልሞላም። ሦስት ሺህ ሰው የጫነ የሽርሽር መርከብ ከክፍቱ ባሕር ተነሥቶ በተራሮች መካከል ወደ የብስ ወደሚዘልቀው ጠባብ የባሕር ክንድ፣ ወደ ፊዮርዱ አፍ፣ ተጠግቷል። ቁርስ ቤቱ ሞልቷል፤ የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የጉብኝት ትኬታቸውን በእጃቸው ይዘው በመስኮት የሚያዩ ሰዎች አሉ። ተራሮቹ እስከ ወገባቸው በደመና ተሸፍነዋል፤ ውሃው ግን ያን ያህል የተቆጣ አይመስልም። ከዚያ የድምፅ ማጉያው ይከፈታል። ካፒቴኑ በረጋ ድምፅ፣ በንፋሱ ምክንያት መርከቡ ዛሬ ጌይራንገር እንደማይገባ፣ በምትኩ ወደ ኦሌሱን እንደሚያመራና ከቀትር በኋላ እንደሚደርስ ይናገራል። ለአፍታ ዝም ይባላል። ቀጥሎ ወንበር ይጎተታል፣ ስልክ ከኪስ ይወጣል፤ የጉብኝት ጉዳይ ወደሚታይበት ጠረጴዛ የሚያመራው ሰልፍ ካፒቴኑ ንግግሩን ሳይጨርስ መርዘም ይጀምራል።

የሰልፈኞቹ ቅሬታ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጌይራንገር ከኔሮይፊዮርድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በኩባንያዎቹ የማስታወቂያ መጽሔቶች ሽፋን ላይ የሚወጣ ፊዮርድ ነው። ሰባቱ እህትማማቾች የሚባሉት ፏፏቴዎች ከገደሉ ሲወረወሩ የሚታዩት እዚያ ነው፤ ከውሃው በላይ በገደሉ ወገብ ላይ የቀሩት፣ ባለቤቶቻቸው ከብዙ ዘመን በፊት ጥለዋቸው የሄዱት የእርሻ ቤቶችም እዚያ ናቸው። ብዙው ተሳፋሪ የሳምንቱን ጉዞ የገዛው ለዚህ አንድ ቀን ሲል ነው፤ ለዚያም ዓመታት ያጠራቀመ አለ። ስለዚህ «አየሩ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ማለፍ ለእነዚህ ሰዎች መልስ አይሆንም። እኔ የምሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ካፒቴኑ ወደብ የመዝለል ሥልጣኑ ያለ አንዳች ጫና ሊከበርለት ይገባል፤ ይህ ሥልጣን በእውነት የሚከበረው ግን የውሳኔው ኪሳራ በተሳፋሪው ጫንቃ ላይ ብቻ እስካልወደቀ ድረስ ነው። ተሳፋሪውም ቢሆን ራሱን የሚያዘጋጅበት ቀን ትኬቱን የሚቆርጥበት ቀን ነው፤ ማስታወቂያው ሲነገር ብዙው ነገር አልፏል።

ከንፋሱ እንጀምር። ተሳፋሪው ከሰገነት ላይ ሆኖ የሚያየው ውሃውን ነው፤ ካፒቴኑ የሚያሰላው ግን ንፋሱን ነው። የዛሬዎቹ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ወደ 300 ሜትር ይረዝማሉ፣ ከውሃ በላይም ከደርዘን በላይ ፎቅ ይዘው ይቆማሉ። እንዲህ ያለ መርከብ ከውሃ በላይ በአማካይ 35 ሜትር ቁመት አለው ብንል፣ ጎኑን ለንፋስ ሲሰጥ ከ10,000 ካሬ ሜትር በላይ ግድግዳ ያቀርባል ማለት ነው። ንፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ በዚህ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ግፊት በግምት ከ60 ቶን ክብደት በላይ ነው። ንፋሱ በሰከንድ 15 ሜትር ሲደርስ ግፊቱ 140 ቶንን ያልፋል፤ 20 ሜትር ሲሆን ደግሞ 250 ቶንን ይሻገራል። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። ሰገነት ላይ ለቆመ ሰው «ትንሽ ጨመር አለ» የሚያሰኘው ለውጥ፣ መርከቡን ከወደቡ ጋር ለሚያስሩት ገመዶችና ከፊቱ ሥር ወደ ጎን ለሚገፉት ሞተሮች ትንሽ አይደለም። ሞተሮቹ የሚችሉት ኃይል የታወቀ ወሰን አለው፤ ንፋሱ ያንን ወሰን ካለፈ በኋላ መርከቡ የሚሄደው ንፋሱ ወደወሰደው ነው።

ፊዮርዱ ራሱ ነገሩን ያባብሰዋል። የበረዶ ግግር በብዙ ሺህ ዓመታት ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው ሸለቆ ስለሆነ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉም ጥልቅ ነው። ከኖርዌይ ፊዮርዶች ሁሉ የሚረዝመው ሶግነፊዮርድ 205 ኪሎ ሜትር ወደ የብስ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ዓይነት ቦታ ንፋስ በሜዳ እንደሚነፍሰው አይነፍስም። በሸለቆው ሲጨነቅ ይፈጥናል፤ ተራራው አናት ላይ የቀዘቀዘው አየር ድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ በአንዱ መታጠፊያ ጸጥ ብሎ በሚቀጥለው ያፏጫል። በፊዮርዱ አፍ ላይ የተነበበው የንፋስ ልክ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ፣ ከፊዮርዱ ጫፍ ላይ፣ ምን እንደሚጠብቅ አይናገርም። «ለምን አየሩ እስኪረጋ እዚያው አንጠብቅም?» የሚል ጥያቄም ብዙ ጊዜ ይነሣል። መልሕቅ የሚይዘው ሰንሰለቱ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሲጎተት ነው፤ ብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ መልሕቅ መጣል ፋይዳ የለውም። ትልቅ መርከብ ቆሞ ሊጠብቅባቸው የሚችሉት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ቀድሞ የደረሰ መርከብ ይይዛቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ተሳፋሪው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ጌይራንገር ትልልቅ መርከቦች በተርታ የሚጠጉበት ወደብ የለውም። አንድ ተንሳፋፊ መራመጃ አለ፤ ሌሎቹ መርከቦች መልሕቅ ጥለው ሰዉን በትንንሽ ጀልባ ያመላልሳሉ። ይህን ማመላለስ ከቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ከመርከቡ ጎን ዝቅ ብሎ፣ ከውሃው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የብረት በር ይከፈትና ጠባብ መድረክ ይዘረጋል። ጀልባው መጥቶ ይለጠፋል። ሁለት መርከበኞች ግራና ቀኝ ቆመው የተሳፋሪውን ክንድ ከክርኑ በላይ ጨበጥ ያደርጋሉ፤ ጀልባው ከፍ ብሎ ከመድረኩ ጋር እኩል ሲሆን «አሁን!» ይላሉ፤ ሰውየው ይሻገራል። ጀልባው ከፍና ዝቅ የሚለው ስንዝር ያህል ሲሆን ይህ ቀላል ሥራ ነው። አንድ ሜትር ሲሆን ግን በጀልባውና በመድረኩ መካከል የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍተት እግር ይሰብራል፤ በፊዮርድ ጉዞ ላይ ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ብዙ ናቸው። አሁን ጠዋት ላይ ውሃው ጸጥ ብሎ ሁሉም ወረዱ እንበል። ከቀትር በኋላ ንፋሱ ከተነሣ ያ ሁሉ ሕዝብ የብስ ላይ ይቀራል። የጌይራንገር መንደር ነዋሪ ሁለት መቶ ሰው ገደማ ነው። ሦስት ሺህ ሰው የሚያሳድር አልጋ የለውም። መድኃኒቱን ክፍሉ ውስጥ ትቶ የወረደ የስኳር ሕመምተኛ ይኖራል፤ ልጁን የመርከቡ ሕፃናት መዋያ ትቶ የወጣ ወላጅ ይኖራል። ካፒቴኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ «አንገባም» ሲል በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሚሆነውን ነው።

«ታዲያ ያኛው መርከብ እንዴት ገባ?» ይህ ሙግት በየሰልፉ ይሰማል፣ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከካፒቴኖቹ ድፍረት ጋር እምብዛም አይገናኝም። ያኛው መርከብ አጠር ያለና ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ተንሳፋፊው መራመጃ ለእሱ ተይዞለት ጀልባ ላያስፈልገው ይችላል፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ንፋሱ ሳይነሣ ገብቶ፣ አሁን እንዴት እንደሚወጣ እየተጨነቀ ሊሆንም ይችላል። በኖርዌይ ጠረፍ ትልልቅ መርከቦች አካባቢውን ጠንቅቆ የሚያውቅ የባሕር መንገድ መሪ ይዘው እንዲጓዙ፣ ወይም ካፒቴኑ ያንን የሚተካ ፈቃድ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ውሳኔው አገሩን በማያውቅ እንግዳ ግምት ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። ወደብ መዝለል የድፍረት ወይም የዕውቀት ማነስ እንዳልሆነ የተሻለው ምስክር ሁርቲግሩተን የሚባለው የጠረፍ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ የሚሠራ፣ በበርገንና በኪርክነስ መካከል 34 ወደቦችን የሚነካ፣ ከሽርሽር መርከቦቹ በጣም ያነሱ መርከቦች ያሉት አገልግሎት ነው። እነሱም፣ ያን ጠረፍ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚያውቁት፣ ክረምትም ሆነ በጋ አየሩ ሲከፋ ወደብ ዘልለው ያልፋሉ። የመንደሩ ሰው ዕቃው በማግስቱ እንደሚመጣ ያውቃል።

የካፒቴኑ ሥልጣን የኩባንያ ችሮታ አይደለም። ታይታኒክ ከሰጠመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1914 የተፈረመውና ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ የታደሰው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በምህጻሩ ሶላስ፣ የመርከቡ ባለቤትም ሆነ ተከራዩ ወይም ኩባንያው ካፒቴኑ ለሰው ሕይወትና ለባሕሩ ደኅንነት ያስፈልጋል ብሎ በሙያው ያመነበትን ውሳኔ እንዳይወስን ሊከለክለውም ሊገድበውም እንደማይችል ደንግጓል። እንዲህ ያለ አንቀጽ መጻፍ ያስፈለገው ጫናው እውነተኛ ስለሆነ ነው። ጫናው ሁልጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ አይመጣም። የተሳፋሪው ማጉረምረም፣ ከጉዞው በኋላ የሚሞላው የእርካታ መጠይቅ፣ በሚቀጥለው ወደብ የተያዘው ተራ፣ በመጨረሻው ቀን የሚጠብቀው አውሮፕላን ሁሉ ተደምሮ በአንድ ሰው ላይ ያርፋል።

ከወደብ መዝለል በላይ ምን ሊመጣ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2019 ቫይኪንግ ስካይ የተባለው መርከብ 1,373 ሰው ይዞ ከትሮምሶ ወደ ስታቫንገር እየወረደ ነበር። በመንገዱ ላይ የነበረውን የቦዶን ወደብ በአየሩ ምክንያት ቀድሞ ዘልሎታል። በዐውሎ ነፋስ መካከል፣ ሁስታድቪካ በሚባለው ጥልቀቱ ባነሰ፣ ዐለት በበዛበት የባሕር ክፍል ላይ ሳለ ሞተሮቹ በሙሉ ጠፉ። በሞተሮቹ ቋት ውስጥ የነበረው ዘይት ከሚገባው በታች ስለነበር፣ መርከቡ በማዕበሉ ሲናጥ ፓምፖቹ በዘይት ፈንታ አየር ሳቡ፤ ሞተሮቹም እንዳይቃጠሉ ራሳቸውን አጠፉ። መርከቡ ወደ ዐለቱ ተገፋ፣ ከራሱ ርዝመት ያነሰ ርቀት ሲቀረውም ከአደጋው ተረፈ። ከ450 በላይ ሰዎች በዚያ ንፋስ ውስጥ አንድ በአንድ በሄሊኮፕተር ገመድ ተነሥተው ወጡ፤ መርከቡ በማግስቱ ሞልደ ወደብ ገባ። የኖርዌይ የደኅንነት ምርመራ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የመጨረሻ ዘገባ፣ ከአራቱ ኃይል አመንጪ ሞተሮች አንዱ ከአገልግሎት ውጪ ስለነበር መርከቡ ቀድሞውኑ ከትሮምሶ መነሣት እንዳልነበረበት ገልጿል። ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው፣ ወደብ መዝለል የጥንቃቄ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ቦዶ ባለመግባታቸው የተበሳጩ ተሳፋሪዎች ከነበሩ፣ ብስጭታቸው ከእውነተኛው አደጋ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ባሕሩ ነገራቸው። መርከብ በአየር ምክንያት ወደብ ሲዘል ሊጠየቅ የሚገባው ትልቁ ጥያቄ «ከዚህ በኋላ በየት በኩል ነው የምንጓዘው፣ እስከ መቼስ?» የሚለው ነው። በርካታ ካፒቴኖች ይህንን በራሳቸው ተነሣሽነት ያስረዳሉ፤ የማያስረዳ ካለ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ልምጣ። «ኩባንያዎቹ አየርን ሰበብ ያደርጋሉ፤ መርከቡ ባሕር ላይ ሲውል የወደብ ክፍያ ይቀርላቸዋል፣ ሱቁና ካዚኖው ክፍት ሆኖ ይውላል፣ ነዳጅም ይቆጥባሉ» ይባላል። ከፊሉ እውነት አለው። ሒሳቡ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያጋድል አይደለም። ወደብ ሲዘለል ለተሳፋሪው ተብሎ የተሰበሰበው የወደብ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተሳፋሪው ሒሳብ ይመለሳል፤ ኩባንያው ራሱ የሸጣቸው የየብስ ጉብኝቶችም ገንዘባቸው ይመለሳል፤ ከጉብኝት ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ ደግሞ ለእነዚህ ኩባንያዎች ከፍተኛ ገቢ ነው። በጠዋት ተነሥቶ ጌይራንገርን መሰረዝ ለኩባንያው የደስታ ቀን አይደለም። ጥርጣሬ የሚገባው ሌላ ቦታ ነው፦ ጉዞው ሊጀመር ሳምንታት ወይም ወራት ሲቀሩት በኢሜይል የሚመጣው ለውጥ። ያ ለውጥ ከንፋስ ጋር ግንኙነት የለውም። የወደብ ተራ አልተገኘም፣ ወይም ነዳጅ ለመቆጠብ ፍጥነት ተቀንሷል፣ ወይም መርከቡ ለሌላ ጉዞ ተፈልጓል። ይህን «ከቁጥጥራችን ውጪ በሆነ ምክንያት» በሚል ደረቅ ሐረግ ማለፍ ካፒቴኑን ራሱን ይጎዳል፤ ቢሮው የሠራውን በአየር እያሳበበ የኖረ ኩባንያ፣ አየሩ በእውነት ሲከፋ የሚያምነው ተሳፋሪ አያገኝም። የቢሮ ለውጥ የቢሮ ለውጥ፣ የካፒቴን ለውጥ የካፒቴን ለውጥ ተብሎ በየስሙ መጠራት አለበት።

ከዚህም የሚከብድ ተቃውሞ አለ፣ እኔም በአብዛኛው እቀበለዋለሁ። ንፋሱ የተፈጥሮ ነው፤ ያንን ያህል ግድግዳ ያለው መርከብ ሠርቶ ወደ ጠባብ ፊዮርድ ለመላክ የወሰነው ግን ኩባንያው ነው። አነስተኛ መርከብ በሚገባበት ቀን ትልቁ የማይገባ ከሆነ፣ ያ ቀን የጠፋው በአየሩ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ኪሳራውን ማን ይሸከም? የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ ከጁላይ 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለውና ኖርዌይም በራሷ ሕግ ያጸናችው፣ በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ልዩነት ያደርጋል። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ዋና ዋና ነገሮቹ በጉልህ ከተለወጡ ተጓዡ ያለ ቅጣት ውሉን ማፍረስ ይችላል። ጉዞው ከተጀመረ በኋላ የተገዛው አገልግሎት ካልቀረበ ደግሞ ተመጣጣኝ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህ ቅናሽ የኩባንያው ጥፋት መረጋገጥ የለበትም። ሊቀር የሚችለው የጉዳት ካሳው ነው፤ እሱም ምክንያቱ ሊወገድ የማይችልና ያልተለመደ ሲሆን ነው። ኩባንያዎች በበኩላቸው በውላቸው ውስጥ «የጉዞ መስመሩ ሊለወጥ ይችላል» የሚል አንቀጽ ያስገባሉ፤ አንድ ወደብ በሌላ መተካቱ ቅናሽ የሚያስገኝ ጉድለት ነው ወይስ አይደለም የሚለውም በየጉዳዩ የሚያከራክር ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ኩባንያው የፊዮርዱን ሥዕል ሽፋኑ ላይ አውጥቶ ከሸጠ፣ ፊዮርዱ ሲቀር መጠነኛ ቅናሽ ያለ ክርክርና ያለ ሰልፍ ወደ ተሳፋሪው ሒሳብ መግባት አለበት። ይህ ከሆነ በካፒቴኑ ላይ የሚጮኸው ሰው ይቀንሳል፤ ካፒቴኑም ስለ ንፋሱ ብቻ ያስባል። በአሜሪካ ወይም በሌላ አገር ሕግ የሚገዛ ውል የፈረመ ተጓዥ ይህ ከለላ ላይኖረው ስለሚችል ሳይከፍል በፊት ውሉን ማንበብ አለበት።

«ሕልሜ ግን ጌይራንገር ነበር» ለሚለው ሰው፣ ገንዘብ መመለሱ ሕልሙን አይመልስለትም። ይህ እውነት ስለሆነ አልከራከረውም። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛው፣ ምትክ ሆኖ የሚመጣው ወደብ ብዙ ጊዜ ከስሙ በላይ ነው። ኦሌሱን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1904 በአንድ ሌሊት እሳት መሐሏ ጠፍቶ፣ አሥር ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ የሆነባት፣ ከዚያም በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በዘመኑ የአበባና የሐረግ ጌጥ ባለው የሕንፃ ጥበብ በድንጋይ የታነጸች ከተማ ናት፤ ከጀርባዋ ያለውን የአክስላን ኮረብታ 418 ደረጃ ለወጣ ሰው ከተማዋ በደሴቶች መካከል ተዘርግታ ትታያለች። ምትኩ ወደብ ኦንዳልስነስ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀው የራውማ ባቡር ከወደቡ አጠገብ ይነሣል። ሁለተኛው፣ ጌይራንገር የሚደረሰው በሽርሽር መርከብ ብቻ አይደለም። የብስ መንገድ አለ፤ ከሄለሲልት መንደር ተነሥቶ ፊዮርዱን በአንድ ሰዓት ያህል የሚያቋርጥ መኪናም ሰውም የሚጭን ጀልባ አለ። ይህን አንድ ፊዮርድ ሳያይ መመለስ የማይፈልግ ሰው የሽርሽር መርከብ ባይገዛ ይሻለዋል፤ በርገን ወይም ኦሌሱን በአውሮፕላን ገብቶ፣ በአውቶቡስና በጀልባ ሄዶ፣ አየሩ ቢከፋ እንኳ አንድ ቀን አድሮ ያየዋል።

መርከቡን ለሚመርጥ ሰው ደግሞ ሥራው የሚጀምረው ትኬት ከመቆረጡ በፊት ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ ከተዘረዘሩት ወደቦች ውስጥ የትኞቹ በጀልባ እንደሚደረሱ፣ የትኞቹ መርከቡ ራሱ የሚጠጋባቸው እንደሆኑ መጠየቅ ይቻላል፤ በቅድሚያ የሚቀሩት በጀልባ የሚደረሱት ናቸው። ሁለትና ሦስት ፊዮርድ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ጉዞ፣ አንዱ ቢቀርበት ሌላው ይተርፈዋል። በግል አስጎብኚ የተያዘ ጉብኝት መርከቡ ባይደርስ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ የጉዞ ኢንሹራንሱም ለተዘለለ ወደብ የሚከፍል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ኖርዌጂያኖቹ ራሳቸው የሚጠቀሙበት ዪር የተባለው የአየር ትንበያ በነጻ ይገኛል፤ ንፋሱንም በሰከንድ በሜትር ስለሚገልጽ ከላይ ካለው ስሌት ጋር ለማስተያየት ይመቻል። በዋዜማው ማታ ለነገ 18 እና 20 ሜትር ያየ ሰው ጠዋት አይደነግጥም።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች እየኖረ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ፤ የአስጎብኚ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ አያነሡትም። ኖርዌይ በሸንገን ክልል ውስጥ ናት፤ ብዙ የፊዮርድ ጉዞዎች ግን የሚነሡት ሸንገን ካልሆነችው እንግሊዝ፣ ከሳውዝሃምፕተን ነው። ከጀርመን ወደቦች፣ ከኪል ወይም ከሃምቡርግ፣ የተነሣ መርከብም የኖርዌይ ጠረፍ ሲናወጥ ወደ ስኮትላንድ ወይም ወደ ሼትላንድ ደሴቶች ሊዞር ይችላል፤ አንዳንዱም ወደ ፋሮ ደሴቶች ይሄዳል። የእንግሊዝ ቪዛ የሌለው ሰው በሼትላንድ ወደብ በለርዊክ ላይ ሌሎቹ ሲወርዱ ከመርከቡ ላይወርድ ይችላል። ፋሮ ደግሞ የዴንማርክ ግዛት ብትሆንም በሸንገን ውስጥ ስላልሆነች የሸንገን ቪዛ ብቻውን አያስገባም። የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ የሸንገን ቪዛን አይተካም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ደግሞ ድንገተኛ ለውጥ መርከቡን ከሸንገን አስወጥቶ ሲመልሰው ድንበር ላይ ችግር ይገጥመዋል። ስለዚህ ቪዛ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን መጠየቅ፣ የመርከብ ድርጅቱንም «ምትክ ወደቦቻችሁ የትኞቹ አገሮች ናቸው?» ብሎ በጽሑፍ ማስመለስ ከማንኛውም የጉብኝት ዕቅድ ይቀድማል።

ማስታወቂያው ከተነገረ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ሰዓት የሚሠራው ጥቂት ነው፤ ግን ፈጥኖ ነው የሚሠራው። በግል የተያዘ አስጎብኚ ወዲያውኑ ይደወልለታል። የመርከቡ የራሱ ጉብኝቶች ገንዘባቸው ያለ ሰልፍ ስለሚመለስ እዚያ ቆሞ ሰዓት መግደል አያስፈልግም፤ ሰልፉ ዋጋ የሚኖረው በምትኩ ወደብ የተከፈቱ አዳዲስ ጉብኝቶች ካሉ ነው፣ እነሱም ቶሎ ያልቃሉ። የተዘለለውን ወደብና ቀኑን፣ የተሰጠውን ምክንያትና ሰዓቱን በስልክ ላይ መመዝገብ በኋላ የዋጋ ቅናሽ ለሚጠይቅ ሰው ይጠቅመዋል። በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ የቆመችው ልጅ ግን ንፋሱንም ውሉንም አላመጣችም፤ ብዙ ጊዜ ከሩቅ አገር መጥታ ለወራት ዕረፍት ሳታገኝ የምትሠራ ሠራተኛ ናት፣ ቁጣው በእሷ ላይ መውረድ የለበትም።

የጌይራንገር ሰዎችም በዚያ ጠዋት ይከስራሉ። አውቶቡሶቻቸው የንስር መንገድ የሚባለውን ዳገት አሥራ አንድ መታጠፊያዎች ሳይወጡ ይውላሉ፤ የተጋገረው ዳቦ ይቀራል። እነሱ ግን ባሕሩን ስለሚያውቁት አያጉረመርሙም። የሚያሳስባቸው የሚቀጥሉት ዓመታት ነው። የኖርዌይ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ቅርስ ፊዮርዶቹ ውስጥ ጭስ የማያወጡ መርከቦች ብቻ እንዲገቡ የወሰነው፣ በእነዚያ ገደሎች መካከል ታምቆ የሚቀረው የመርከብ ጭስ ነዋሪውን ስላስመረረ ነው። ሕጉ ከ10,000 ጠቅላላ ቶን በታች ለሆኑ መርከቦች ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ይሠራል፤ ለትልልቆቹ እስከ 2032 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ጌይራንገር፣ እንዲሁም የፍሎም መንደር ያለበት ኦርላንድስፊዮርድ በዚህ ውስጥ ናቸው። ይህ ለውጥ በማንም ላይ በድንገት የሚወርድ አይደለም፤ ቀኑ ዛሬ ይታወቃል። ለ2032 እና ከዚያ በኋላ ላሉት የበጋ ወራት ትኬት መሸጥ የሚጀምር ኩባንያ መርከቡ ሕጉን የሚያሟላ መሆን አለመሆኑን ከፊዮርዱ ሥዕል ሥር መጻፍ አለበት፤ ካላሟላም ጌይራንገርን ከመርሐ ግብሩ ላይ ትኬቱ ሳይሸጥ ያውጣው፣ በጠዋት ማስታወቂያ ካፒቴኑ እንዲናገርለት አይጠብቅ።